ሐረጉን መንቀል ወይስ ግድግዳውን ማዳን?

ክፉን ነገር መከልከል የእያንዳንዱ ሙስሊም ኃላፊነት መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው አካሄዱ ነው። ሙንከርን ለማስወገድ የተነሳ ሰው፣ በማስወገዱ ምክንያት ሌላ ጥፋት ቢደርስ ተጠያቂ ነውን? ወይስ ልቡ ለአላህ ከሆነ ይበቃዋል? መልሱ በኪታቦች ውስጥ አለ። እኔ ግን ትርጉሙን ይበልጥ የተረዳሁት ከአንድ አሮጌ ቤት ግድግዳ ነው።

በአዲስ አበባ በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው በኖራ የተለሰኑ የድሮ ቤቶች ዛሬም አሉ። ከአባታችን (አላህ ይዘንላቸው) የወረስነው ቤትም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የጓሮውን ግድግዳ ፈረንጆች «አይቪ» የሚሉት ሐረግ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አልብሶት ነበር። ታናሽ ወንድሜ «ቤቱን እየበላው ነው፤ ዛሬውኑ ይነቀል!» አለ። እናታችን ደግሞ «አባታችሁ የተከሉት ነው፤ አይነካም» አሉ። ነገሩ ወደ ቅያሜ ሲያመራ አንድ አዛውንት ግንበኛ አስጠራን።

የሰውዬው ማብራሪያ ሁለቱንም ወገን ዝም አሰኘ። ሐረጉ ምግቡን የሚያገኘው ከመሬት እንጂ ከግድግዳው አይደለም። ከግንዱ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች ግን ግድግዳውን ጨብጦ ይወጣል። ግድግዳው ጤነኛ ከሆነ ብዙም አይጎዳውም። እንዲያውም በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያደረጉት ጥናት፣ ሐረጉ ግድግዳን ከሙቀትና ከቅዝቃዜ መፈራረቅ እንደሚከላከል አሳይቷል። ስንጥቅ ሲያገኝ ግን ይገባል፣ እውስጥ ሆኖ ይወፍራል፣ ድንጋዩን ከድንጋይ ይለያያል። እንግዲህ ሐረጉ ገባ እንጂ ስንጥቁን የተውነው እኛ ነን ማለት ነው። በእርጥቡ ጎትቶ የሚነቅለው ሰው ደግሞ ልስኑንም ጭቃውንም አብሮ ያወርደዋል። ትክክለኛው መንገድ ግንዱን ከታች ቆርጦ፣ እስኪደርቅ ወራት ታግሦ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያላቀቁ ስንጥቁን መድፈን ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን።

ታላቁ ዓሊም ኢብኑል ቀዪም (በ751 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) «ኢዕላሙል ሙወቂዒን» በተሰኘው ኪታባቸው ሙንከርን መከልከል የሚያስከትለውን ውጤት በአራት ደረጃ ከፍለውታል። አንደኛው፣ ክፉው ተወግዶ በምትኩ መልካም ሲተካ ነው። ሁለተኛው፣ ፈጽሞ ባይጠፋም ሲቀንስ ነው። ሦስተኛው፣ እኩያው ሲተካው፤ አራተኛው ደግሞ ከእርሱ የከፋ ሲተካው ነው። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የታዘዙ ናቸው፤ ሦስተኛው የኢጅቲሃድ ጉዳይ ነው፤ አራተኛው ሐራም ነው። ለዚህም የመምህራቸውን የኢብን ተይሚያን ታሪክ ያነሳሉ። ሸኹ በታታሮች ዘመን አስካሪ መጠጥ በሚጠጡ ታታሮች አጠገብ ሲያልፉ አብሯቸው የነበረ ሰው ሊከለክላቸው ሲነሳ፣ ሸኹ እርሱን ከለከሉት። መጠጡ እነዚያን ሰዎች ሰው ከመግደልና ንብረት ከመዝረፍ ያዘናጋቸው ነበርና።

ውድ አንባቢያን! ይህን ይዘን ወደየቤታችን እንመልከት። አንድ ወጣት ጥቂት ወራት ደርስ ተቀምጦ ይመለስና አያቱን በእንግዳ ፊት «ይህ የምታደርጉት ቢድዓ ነው!» ብሎ ያሳፍራቸዋል። የተናገረው ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አያቲቱ ልማዳቸውን አልተዉም፤ የተዉት እርሱን ነው። ዝምድና ተቆረጠ፣ ልማዱም እንዳለ ቀረ። ስንጥቁ የቱ ጋ ነበር? በዚያ ሁሉ ዘመን እኚህን እናት ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ልጁ ጫት ቃመ ብሎ ከቤት የሚያባርር አባትም አለ። ልጁ ከቤት ሲወጣ የሚጠብቀው ከጫት የባሰ ነው። ሥራ ማጣቱና አባቱ አንድም ቀን አለማወያየቱ ግን ሳይደፈን ይቀራል።

«ታዲያ ዝም እንበል ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ሐረጉን እያደነቅን ብንቀመጥ ኖሮ ግድግዳው አንድ ክረምት ላይ ይወድቅብን ነበር። «አባታችን የተከሉት ነው» ማለትም ለአባታችን ቤት አይሆነውም። ግንዱን መቁረጥ ግዴታ ነው። ትዕግሥትም ስንፍና አይደለም፤ የሥራው አካል ነው። በዝምታና በትዕግሥት መካከል ያለው ልዩነት፣ ታጋሹ ግንዱን ቆርጦ ጭቃውን ማቡካቱ ነው።

በሱረቱል ከህፍ የተነገረውን የግድግዳ ታሪክ እናስታውስ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እና ኸድር የአንድ ከተማ ሰዎችን ምግብ ቢጠይቁ ተከለከሉ። ኸድር ግን በዚያው ከተማ ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አይተው ያለ ዋጋ አቀኑት። ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ነበርና፤ አባታቸውም ደግ ሰው ነበሩ። ግድግዳው የቆመው ላስከፉት ሰዎች ሲባል ሳይሆን ነገ ለሚረከቡት ልጆች ነው። ለማስተካከል የሚነሳ ሰው ሁሉ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ ስጨርስ ቤቱ ቆሞ ለልጆቹ ይደርሳልን? ወይስ እጄ ላይ የሚቀረው የተነቀለ ሐረግና የፈረሰ ጭቃ ብቻ ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) ከእውቀት ጋር ሂክማን፣ ከቅንዓት ጋር ትዕግሥትን ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።