ስለ ጥንታዊ ሥራ ክብርና ስለ ሕያው ሰው ድካም

ጥንታዊ ሥራን ለማየት ከሩቅ አገር የተጓዘ ሰው፥ በደረሰበት ሰዓት በሩን ተዘግቶ ቢያገኘው ተበደልሁ ሊል ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለከንቱ ክርክር ሳይሆን፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በግሪክ አገር በእውነት የተነሣ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

ሐምሌ በእኛ አገር ዝናብ የሚበረታበት ወር ሲሆን፥ በአቴና ግን የበጋው ፀሐይ የሚያይልበት ነው። አክሮፖሊስ ከባሕር ወለል በላይ 150 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አለታማ ኮረብታ ነው፤ በላዩም የሚያስጠልል ነገር እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያህል በደረሰ ጊዜ፥ የአገሩ መንግሥት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት በሩ እንዲዘጋ አዘዘ። ቀይ መስቀልም ለጎብኚዎች ውሃ አደለ። የቦታው ጠባቂዎች ደግሞ ሙቀቱ ከአቅማችን በላይ ነው በማለት በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ሥራ አቆሙ። በ2024 እና በ2025 በጋም በሩ በቀትር የተዘጋባቸው ቀኖች ነበሩ።

የጎብኚው አቤቱታ እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ የመጣ፥ በከተማዪቱም የሚውለው አንድ ቀን ብቻ የሆነ ሰው፥ ያ ቀን ካለፈበት ሌላ ላያገኝ ይችላል። ደግሞም የጥንት ሥራ የሰው ልጅ ሁሉ ቅርስ ከሆነ፥ ወራሹን ከደጅ መመለስ የማይገባ ይመስላል። «ለገዛ ራሴ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ፀሐዩን እችለዋለሁ» የሚልም አይጠፋም።

ይሁን እንጂ እርሱ ፀሐዩን የሚችለው ለአንድ ሰዓት ነው። ቲኬት የሚቀበለው፥ ቅርሱን የሚጠብቀው፥ ራሱን ስቶ የወደቀውንም የሚያነሣው ሠራተኛ ግን በየቀኑ እዚያው ይቆማል። ጎብኚው በራሱ ነፍስ ላይ ሥልጣን አለኝ ቢል እንኳ፥ በዚህ ሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም።

ለዚህም ኮረብታው ራሱ ምስክር ነው። ፓርቴኖን የተባለው ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ዓመት መሠራት ሲጀምር፥ እብነ በረዱ ከጴንጤሊ ተራራ እየተፈለጠ በብዙ ድካም ወደ ላይ ወጣ። በአጠገቡ ያለው ኤሬክቴዮን በተሠራ ጊዜ ደግሞ የሠራተኞቹ ሒሳብ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ነበርና እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያም ዜጋው፥ መጻተኛውና ባሪያው ለአንድ ዓይነት ሥራ በቀን 1 ድራክማ እንደ ታሰበላቸው ይነበባል። የባሪያው ክፍያ ወደ ጌታው እጅ ይገባ ነበር ቢባልም፥ ላቡ መቈጠሩ አልቀረም። እንግዲህ ከ2,400 ዓመት በፊት የደከሙትን እያደነቀ፥ በአጠገቡ ቆሞ የሚደክመውን የማያይ ሰው፥ ድንጋዩን እንጂ ሥራውን አላየም።

ስለዚህ የቀትሩ መዘጋት ለቅርሱ ንቀት አይደለም ብለን እናምናለን። ነገር ግን የሚያዝዘውም ግዴታ አለበት፤ ሰዓቱን አስቀድሞ ማስታወቅ፥ የጠዋቱንና የማታውን ጊዜ ማስፋት ይገባዋል። ጎብኚውም ማልዶ መነሣትን፥ ወይም ፀሐዩ እስኪበርድ መታገሥን ይልመድ። እብነ በረዱ ከሁለት ሺህ በላይ በጋዎችን ያሳለፈ ስለ ሆነ እስከ ማታ ይቆየናል፤ በቀትር ፀሐይ የወደቀ ሰው ግን ላይነሣ ይችላል።