ስለ አድማጭ ገመናና ስለ አደራ ጠባቂ

የማንኛውም ሰው ኑሮ በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ክፍል ጎረቤትም መንገደኛም የሚያየው ሲሆን፥ ሁለተኛው ከቤቱ ደጃፍ ወደ ውስጥ የሚቀረው ነው። ይህን ሁለተኛውን ክፍል አማርኛ ገመና ብሎ ይጠራዋል። ገመና ሲባል ወንጀል ማለት አይደለም። ማጣት ገመና ነው፤ ሕመም ገመና ነው፤ የባልና የሚስት ቅሬታ፥ የልጅ ከቤት መኰብለል፥ የዕዳ ጭንቀት ገመና ነው። በማንም ላይ ክፉ ያልሠራ ሰውም ገመና አለው። ስለዚህ ሕዝቡ ገመና ሸፋኙን ያመሰግናል፤ ገመና ገላጩን ግን የተናገረው እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ ይጸየፈዋል፤ በደሉ ሊወጣ የማይገባውን እውነት ማውጣቱ ነውና።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም አደራ ነው። አደራ ተቀባይ የሰጡትን ገንዘብ በእጁ ይይዛል እንጂ የገንዘቡ ጌታ አይሆንም፤ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ እንደ ተቀበለው ሊመልስለት ይገባል። አደራውን ለራሱ ጥቅም ያዋለውን ሰው ሕዝቡ ሌባ ብሎ አይተወውም፤ አደራ በላ ይለዋል። ሌባ ካላመነው ሰው ቤት ይሰርቃል፤ አደራ በላ ግን ያመነውን ይዘርፋል፤ ስለዚህ ስሙ ከሌባ ስም ይልቅ የከፋ ሆነ።

እነዚህ ሁለት ቃላት የጥንት ናቸው፤ በዛሬው ዘመን ግን አባቶች ባላዩት ነገር ላይ መፈተናቸው አልቀረም። ከእነዚህም ነገሮች አንዱ ፖድካስት የሚባለው በመረብ የሚሰራጭ ድምፅ ነው። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሃመርስሊ በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ታየ፤ ከዚያም ወዲህ በየቋንቋው ተለመደ። ስብከት፥ ታሪክ፥ የሕክምና ምክር፥ የፖለቲካ ክርክር፥ ተረትና ጨዋታ ሁሉ በዚህ መንገድ ይሰማል። አድማጩ በፈቀደው ሰዓት፥ በመንገድም ሆነ በመኝታው፥ ጆሮው ላይ ሰክቶ ብቻውን ይሰማዋል። ብቻውን ስለ ሆነም በሰው ፊት ሊጠይቅ የሚያፍርበትን ነገር በዚህ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ አድማጩ ብቻውን የሆነ ይመስለዋል እንጂ ፈጽሞ ብቻውን አይደለም። የሬዲዮ ድምፅ ከጣቢያው ወጥቶ በአየር ይበተናል፤ ማን እንደ ሰማው ተመልሶ ለጣቢያው የሚነግር የለም። ፖድካስት ግን ከአድማጩ መሣሪያ ጥያቄ ካልመጣ አይላክም። ጥያቄው በመጣ ጊዜ ላኪው ኮምፒዩተር በመዝገቡ ይጽፋል፤ ይኸውም አይ ፒ አድራሻ የሚባለውን የመሣሪያውን የመረብ ቍጥር፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የማዳመጫውን ፕሮግራም ዓይነት፥ የተጠየቀውንም ክፍል ነው። ከቍጥሩም አድማጩ ያለበትን ከተማ ወይም አውራጃ በግምት ማወቅ ይቻላል። የዝግጅቱን ድረ ገጽ የከፈተ እንደ ሆነ ደግሞ ኩኪ የሚባለው ጥቂት ጽሑፍ በመሣሪያው ላይ ይቀመጥና በተመለሰ ቍጥር ያስታውቅበታል። ይህም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲሠራ ያወጣው ነው። ዜና በደብዳቤ እንዲላክለት የጠየቀ ስሙንና የኢሜይል አድራሻውን፥ ገንዘብ የረዳም የባንክ ካርዱን ነገር ይጨምራል። ከዚህም በላይ የብዙ ፖድካስቶች ድምፅ ወደ አድማጩ ከመድረሱ አስቀድሞ የአድማጩ መሣሪያ ጥያቄ በሌላ ቈጣሪ ኩባንያ በኩል ያልፋል፤ አድማጩም የዚህን ኩባንያ ስም ከቶ ሰምቶት አያውቅም።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቃቅን ነገር ነው። አንድ ቍጥር፥ አንድ ሰዓት፥ አንድ ርእስ ምን ይጎዳል? ነገር ግን አንድ መሣሪያ በየሌሊቱ በስምንት ሰዓት ከመጠጥ ሱስ ስለ መላቀቅ የሚናገረውን ዝግጅት እንደሚጠይቅ የሚያሳይ መዝገብ፥ ስም ባይጻፍበትም ገመናን ጽፏል። ስሙም ቢሆን ሩቅ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በሰጠው ፍርድ፥ በየጊዜው የሚለዋወጠው የመረብ ቍጥር እንኳ፥ ድረ ገጹን የያዘው በሕግ መንገድ ባለቤቱን ሊያውቅበት የሚችል እንደ ሆነ የግል መረጃ ነው ብሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ድምፅ አዘጋጁ ስለ አድማጩ ያወቀው ነገር የማን ገንዘብ ነው? መልካም ሆኖ ስለ ሸጠው የራሱ ሀብት ነውን? ወይስ በእጁ የገባ አደራ?

በፍርድ ላለማድላት አስቀድሞ ለአዘጋጁ የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል። የደከመበት ሥራ ስንት ሰው እንደ ሰማው ማወቅ መብቱ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ሥራውን ሊያሻሽልም ሆነ ረዳት ሊያገኝ አይችልም። የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሠራተኞች ማኅበር ስለ ፖድካስት ቈጠራ ባወጣው መመሪያ፥ አንድ አድራሻና አንድ የማዳመጫ ፕሮግራም በ24 ሰዓት ውስጥ አንዱን ክፍል ደጋግሞ ቢጠይቅ አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠራል፤ ከአንድ ደቂቃ ድምፅ በታች የወሰደም አይቈጠርም። ይህ ቅን ሚዛን ነው። ነገር ግን መቍጠር ሌላ፥ መከታተል ሌላ ነው። ቈጣሪ በደጃፍ ቆሞ ስንት ሰው እንደ ገባ ይመለከታል፤ ተከታታይ ግን ማን እንደ ገባ፥ ከወዴት እንደ መጣ፥ ወጥቶስ ወደ ማን ቤት እንደ ሄደ ይመረምራል። የፊተኛው ሥራውን ይመዝናል፤ የኋለኛው ሰውን ያድናል፤ ማዳኑም እንደ አዳኝ ነው እንጂ እንደ ረዳት አይደለም።

ለሚከታተሉት ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያቀርቡት ነገር ፈቃድ ነው። አድማጩ እስማማለሁ በሚለው ላይ ተጭኗል፤ ስለዚህ ሰጥቷል ይላሉ። ይህ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ስምምነት የለምና። ግን የፈቃድን ምንነት መመርመር ይገባል። በቀድሞ ዘመን ፊደል ያልቈጠረ ሰው ደብዳቤ ወይም ውል ሲያስጽፍ፥ ጸሐፊው የጻፈውን ማንበብ ስለማይችል በጸሐፊው ታምኖ ጣቱን ያትም ነበር። ጸሐፊው ባለጕዳዩ ያልተናገረውን ቢያገባበትና ኋላ ቢጠየቅ፥ ጣቱን አትሟልና ዕዳ የለብኝም ሊል ይችላልን? ማንም ዳኛ ይህን አይቀበለውም፤ ያ የጣት አሻራ የእምነት ምልክት ነው እንጂ የዕውቀት ምልክት አይደለም። በጠበቆች ቋንቋ የተጻፈ ብዙ ገጽ ፊት ለፊቱ የተዘረጋበት አድማጭ፥ የተማረም ቢሆን፥ በዚያች ሰዓት ፊደል እንዳልቈጠረው ሰው ነው። የአውሮፓው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፕላኔት 49 በተባለው ኩባንያ ነገር፥ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ፈርዷል።

ሁለተኛው ክርክር የዋጋ ነው። አድማጩ ሳይከፍል ይሰማል፤ አዘጋጁም መብላት አለበት፤ ስለዚህ በመረጃው ይክፈል ይላሉ። አዘጋጁ መብላት እንዳለበት እውነት ነው። ማስታወቂያ ማሰማትም ነውር የለበትም። ነገር ግን የሚሸጠው የአድማጩ ጆሮ ሳይሆን ገመናው በሆነ ጊዜ ነገሩ ወዴት እንደሚደርስ የታየበት አንድ ፍርድ አለ። በፖድካስት ብዙ ማስታወቂያ ከሚያሰሙት አንዱ ቤተርሄልፕ የሚባለው፥ በመረብ የአእምሮ ጤና ምክር የሚሰጠው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን ኩባንያ ከሰሰው፤ የክሱም ቃል፥ ምሥጢራችሁን እጠብቃለሁ ብሎ ተስፋ ከሰጠ በኋላ የሰዎቹን የኢሜይልና የመረብ አድራሻ፥ ስለ ጤንነታቸው ተጠይቀው የመለሱትንም ነገር ለፌስቡክ፥ ለስናፕቻትና ለሌሎች ለማስታወቂያ ሲል አሳልፎ ሰጠ የሚል ነበር። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ለተጠቃሚዎቹ የሚመለስ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ይኸው ኩባንያ ለክርስቲያኖች የተለየ ፌይዝፉል ካውንስሊንግ የሚባል አገልግሎት እንደ ነበረውም መታሰብ አለበት። ወደዚያ የገባ ሰው በአንድ ጊዜ ሕመሙንም ሃይማኖቱንም ገልጧል። ወደ ንስሐ አባቱ ቢሄድ ኖሮ የተናገረው በሁለቱ መካከል በቀረ ነበር፤ የታመነውም በዚያው ዓይነት እምነት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የበለጠ ይደጋገማል፤ ክፉ ያልሠራ ምን ይፈራል? የሚል ነው። ለዚህ የሚበቃው መልስ በገመና ትርጓሜ ውስጥ አለ። በር የሚዘጋ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ሰው ልብሱን የሚለብሰውም ገላው ወንጀለኛ ስለ ሆነ አይደለም። ከዚህም ሌላ፥ እንደሚታይ ያወቀ ሰው እንደ ልቡ አይጠይቅም። የታመመው ስለ ሕመሙ መስማትን ይተዋል፤ የተጠራጠረው ጥርጣሬውን ይደብቃል፤ የተበደለውም ስለ መብቱ መማርን ይፈራል። የሰው ልብ የሚታረመው በነጻነት ሲጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ገመናን የሚገፍ ሰው ከአድማጩ ምሥጢሩን ብቻ ሳይሆን የሚታረምበትንም መንገድ ይወስድበታል።

ሕግ ይህን ነገር ቀስ በቀስ ተገንዝቦታል። እ.ኤ.አ. በ1890 ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ዐዋቂዎች፥ ሰው በግል ኑሮው ሳይነካ የመተው መብት እንዳለው በሐርቫርድ የሕግ መጽሔት ጻፉ፤ ያነሣሣቸውም የጋዜጦችና የፈጣን ፎቶግራፍ ድፍረት ነበር። በኢትዮጵያም በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፥ ሕግ ከሚያዘው በቀር የሰው ደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናውም በ26ኛው አንቀጽ በፖስታ፥ በስልክና በቴሌኮሙኒኬሽን የሚደረገውን ግንኙነት ይጠብቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ ሲሠራ፥ በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የስዊድን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን፥ የድምፅና የፖድካስት አሰራጩ ስፖቲፋይ ስለ ሰዎች የያዘውን መረጃ እንዴት እንደሚጠቀምበት ለጠየቁት በሚገባ ግልጥ አድርጎ አልነገረም በማለት የ58 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ወሰነበት፤ ኩባንያው በውሳኔው አልተስማማም። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ሕግ የሚደርሰው በደሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ የወጣ ገመናም በቅጣት ገንዘብ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ስለዚህ የአደራ ጠባቂ ግዴታ ከሕግ አስቀድሞ በልብ ሊጻፍ ይገባል። የመጀመሪያው ግዴታ የማያስፈልገውን አለመቀበል ነው። በፊንላንድ ቫስታሞ ከተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀው መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሺህ ሕሙማንን ለማስፈራሪያ ዳርጓቸዋል፤ ሌባው ገንዘብ ካልላካችሁ ለሐኪም የነገራችሁትን አወጣዋለሁ ይላቸው ነበር። ለሐኪም የሕሙማኑን ታሪክ መጻፍ ግድ ነው፤ ድምፅ ለሚያሰማ ግን የአድማጩን ታሪክ ለማከማቸት ምን ግድ አለው? ያልተከማቸ አይሰረቅም። ሁለተኛው ግዴታ የያዘውን በቀላል ቋንቋ መናገር ነው፤ ሦስተኛው ለሌላ አሳልፎ አለመስጠት፤ አራተኛውም ጊዜው ሲያልፍ ወይም ባለቤቱ ሲጠይቅ መደምሰስ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ በዝምታ ሊታለፍም አይገባውም። ትንሹ አዘጋጅ ብዙ ጊዜ ድረ ገጹንም ማሰራጫውንም በራሱ አልሠራም፤ ከትልልቅ ኩባንያዎች ተዘጋጅቶ የቀረበውን ይወስዳል። ኩባንያው የሚሰበስበውን እርሱ ራሱ አያውቀውም። ክትትሉን እምቢ ቢል ማስታወቂያ አሠሪው የሚከፍለው ይቀንስበታል፤ ምናልባትም ሥራው ይቆምበታል። ታዲያ ይህ ሰው አደራ በላ ይባላልን? አደራን ለሦስተኛ ሰው ያስያዘ ሰው ተጠያቂነቱ እንደማይወርድለት የታወቀ ነው፤ አድማጩ የታመነው በእርሱ ድምፅ ነው እንጂ ስሙን በማያውቀው ኩባንያ አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ምን እንደሚሰበሰብ መጠየቅና መመርመር፥ ሊዘጋ የሚቻለውን መዝጋት፥ ያልተቻለውንም ለአድማጩ በግልጥ መናገር አለበት። ሳያውቅ የሠራው ይቅር ሊባልለት ይችላል፤ እንዳያውቅ ፈልጎ ሳይጠይቅ የቀረው ግን ስንፍናው ራሱ በደል ይሆንበታል። ይህም ቃል ስብከትንና ምክርን በዚህ መንገድ ለሚያሰሙ ሁሉ ይልቁን ይጠነክራል፤ ወደ እነርሱ የሚመጣው ሰው ልቡን ከፍቶ ነውና።

የአደራ ጠባቂ እውነተኛ መመዘኛ በድረ ገጹ ግርጌ የተጻፈው ረጅም ማስታወቂያ አይደለም። መመዘኛው፥ ስለ አድማጩ የያዘውንና ያደረገውን ሁሉ በአድማጩ ፊት ቆሞ ሳያፍር ሊናገረው መቻሉ ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ቢበዛ ጥቂት ገንዘብ ያጣል፤ የማይችል ግን ስሙ አስቀድሞ ተነግሯል።