ለእያንዳንዱ ሕፃን በልኩ

ለሁሉ እኩል ማድረግ ማለት ለሁሉ አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ነውን? ይህ ጥያቄ በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ በትምህርት ቤት ደጃፍም ይቆማል። ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ ወይም ነገርን ቶሎ ለመያዝ የሚቸገር ሕፃን ከእኩዮቹ ጋራ ተቀምጦ አንዱን መጽሐፍ በአንድ ቀን እንዲጨርስ ቢታዘዝ፣ እኩልነት ተፈጸመለት ወይስ ተነፈገው?

የጎጃም አገር ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ ደብረ ኤልያስና እስከ ዲማ ጊዮርጊስ የኖረው የአብነት ትምህርት ለሁሉ አንድ ቀጠሮ የሚቈርጥ አይደለም። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ፊደል ሲቈጥር፣ ሁለተኛው የዮሐንስን ወንጌል ሲያነብ፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም፣ የኔታ እያንዳንዱን በየተራው ጠርተው ያደምጡታል፤ የያዘው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ያልያዘውም እስኪይዝ ድረስ እዚያው ይቆያል። ቅኔና ዜማም በቃል የሚጠኑ ስለ ሆኑ፣ ዐይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ተምሮ ለመምህርነት ይበቃ ነበር።

ነገር ግን በዚህ መመካት ብቻ አይገባም። ያው የጆሮ ትምህርት ማየት ለተሳነው በር ሲከፍት፣ መስማት በተሳነው ላይ ዘግቶበታል። ያ የገባው ታስቦለት ሳይሆን መንገዱ ስለ ገጠመለት ነው፤ ይህም የቀረው አእምሮ ጐድሎት ሳይሆን መንገዱ ስላልገጠመለት ነው። እንግዲህ የሕፃን ዕድል በአጋጣሚ እንዳይወድቅ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ዛሬ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚባለው ይህ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በአሜሪካ በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ተማሪ እንዲጻፍለት አዘዘ። በዕቅዱም ሕፃኑ አሁን የሚችለው፣ በዓመቱ ሊደርስበት የታሰበው፣ የሚሰጠው ርዳታና እድገቱ የሚለካበት መንገድ ይጻፋል፤ ወላጆቹም ይመክሩበታል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ24ኛው አንቀጹ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለእርሱ የሚስማማው ድጋፍ እንዲደረግለት ያዛል።

«ብዙ ልጆች የያዘ መምህር ለአንዱ ብቻ ዕቅድ ቢጽፍ፣ የሌሎቹን ጊዜ መስረቁ አይደለምን?» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የመምህሩ ድካም እውነት ነውና። ነገር ግን ሸክሙ ባለቤት አያጣም፤ መምህሩና ሹማምንቱ ተጋግዘው ካልተሸከሙት፣ የሚሸከመው ሕፃኑ ብቻውን ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ታሪክ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በጌዴዎን የተገረፈው ብላቴና ሸሽቶ ሲሄድ፣ ትል ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። ሰው ከዚህ የሚወስደው «ትጋ» የሚለውን ምክር ብቻ ነው፤ ምክሩም ለተማሪው ነው። ለመምህሩ የሚሆን ምክር ግን በዚያው አለ፤ በትሏ ላይ ቀን የቈረጠባት፣ ስለ ወደቀችም የገረፋት ማንም አልነበረምና።

ዕቅዱ «ይህ ልጅ አይችልም» የሚለውን ቃል የሚያጸና ወረቀት ከሆነ ግን፣ ከአለንጋው የተሻለ አይሆንም። የአንድን ሕፃን ስም ጽፎ «በዚህ ዓመት ከዚህ አደርስሃለሁ» ማለት ቃል መግባት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅም በዚህ ቃል አስቀድሞ የሚጠየቀው ሕፃኑ ሳይሆን የጻፈው ሰው ነው።