ሕመም የሌለው ውድቀት

አንድ ወጣት በከተማ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። በሁለት እጁ የያዘው መሣሪያ ከነባትሪው 280 ግራም ያህል ይመዝናል። በመሣሪያው መስታወት ላይ ነጭ ተራራ ቁልቁል ይወርዳል፤ በተራራው ላይም ስኪ የተጫማ ሰው ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ይከንፋል። ከጉብታው ጫፍ ሲደርስ ይዘልላል፤ በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ሦስተኛውን ሳይጨርስ በአናቱ ይተከላል። ወጣቱ ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። የወደቀው ሰው ወዲያው ይነሣና ቁልቁለቱን ይቀጥላል። አውቶቡሱ ገና ከሚቀጥለው ፌርማታ አልደረሰም።

እዚህ ላይ የወደቀው ማነው? ወድቆስ ምን ጎደለበት? ጥያቄው ተራ የልጆች ጨዋታ ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ድፍረት ምን እንደሆነ፣ ከዚያም አልፎ የሌላው ሰው ድፍረት በምን መለኪያ እንደሚለካ የሚመለከት በመሆኑ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም።

መሣሪያው የሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን ፖርታብል ነው። ምርቱ ከቆመ ዓመታት ቢያልፉም በየሰው እጅ የቀረው ጥቂት አይደለም። ጨዋታው ደግሞ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በ2005 ያወጣው ኤስ ኤስ ኤክስ ኦን ቱር ነው። በቀደሙት የዚህ ተከታታይ ጨዋታዎች ተራራውን መውረድ የሚቻለው ሁለት እግር በሚታሰርበት አንድ ሰሌዳ፣ ማለትም በስኖውቦርድ ብቻ ነበር፤ በዚህኛው ስኪም ተጨመረ። ሕጉ ቀላል ነው። በጉብታው ጫፍ ላይ መዝለል፣ በአየር ላይ መሽከርከር፣ መሬት ከመንካት በፊት መስተካከል። ብልሃቱ በሰመረ ቁጥር የፍጥነት ጉልበት ይጨመራል፤ ፍጥነቱም በተራው ለባሰ ዝላይ ይጋብዛል። ፈረንሳዊው ሮዤ ካይዋ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታዎችን በአራት ሲከፍል አንዱን ክፍል ራስ ለሚያዞር ስሜት ሰጥቶ ስኪንም ከዚያው መድቦታል። የሚያስደንቀው ያ ስሜት ገላ ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ በዓይንና በአውራ ጣት ብቻ መምጣቱ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ቡቃያ የሚያጠፋ ነገር ነው፤ ሰው የሚንሸራተትበት ምንጣፍ ሆኖ መታየቱ ራሱ ምናብን ይጠይቃል። በረዶው ባለበት አገርም ቢሆን የስኪው፣ የጫማው፣ የቲኬቱና የማደሪያው ዋጋ ሲደመር ተራራው የብዙኃኑ አይደለም። ስለዚህ ይህ ትንሽ መሣሪያ ተራራን ተራራ ለሌለው አደለ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነቃፊዎች የታደለው ተራራ ሳይሆን ጥላው ነው ይላሉ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 ያቀረበው ምሳሌ ለእነርሱ ምቹ ነው። የተመኙትን ሕይወት ሁሉ የኖሩት እስኪመስል ድረስ የሚያሳይ መኪና ቢኖር፣ ዕድሜ ልኩን ከዚያ መኪና ጋር ሊታሰር የሚፈቅድ ሰው አለን? ኖዚክ የሰው ልጅ ነገሩን ለመሥራት እንጂ የሠራ ያህል እንዲሰማው ብቻ አይሻም ሲል ይመልሳል። መልሱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አውቶቡስ ውስጥ ለተቀመጠው ወጣት በልኩ የተሰፋ አይደለም። ወጣቱ አልተታለለም፤ የት እንደተቀመጠ፣ የት እንደሚወርድ ያውቃል። ደግሞም በእርግጥ የሚሠራው ነገር አለ፤ በአውራ ጣቱ ቅጽበትን ከቅጽበት ይለያል። በርናርድ ሱትስ በ1978 መጽሐፉ እንደሚለው ጨዋታ ማለት አላስፈላጊ የሆነ እንቅፋትን በገዛ ፈቃድ ለመወጣት መጣር ከሆነ፣ ከእውነተኛው ተራራ ላይ መንሸራተትም ከዚህ ትርጉም አይወጣም። ማንም አልላከውም፤ ወደ ታች የሚያደርስ መንገድም አለ።

በተራራውና በጥላው መካከል የተሰመረው መስመርም ነቃፊዎች እንደሚያስቡት ቀጥ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት በሰን ቫሊ ተንሸራታቾችን ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣ የወንበር ማንሻ ተተከለ። የዩኒየን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጄምስ ከረን ሐሳቡን የወሰደው የሙዝ ዘለላ እያንጠለጠለ መርከብ ላይ ከሚጭን መሣሪያ ነበር። ሰው በሙዝ ቦታ ተሰቀለና ዳገቱ ቀረ። በ2022 ደግሞ የቤይጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ የውድድር ቁልቁለቶቹ ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን በመኪና በተሠራ በረዶ ተሸፈኑ። ዳገቱን በላቡ ከፍሎ ቁልቁለቱን የሚወርደው በአብዛኛው የአገር አቋራጭ ተንሸራታች ነው፤ በ2006 በቶሪኖ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ የቀረበው ሮቤል ተክለማርያም የተሰለፈውም በዚሁ ዓይነት ውድድር ነበር። የወጣቱን አውራ ጣት የሚወቅስ ሁሉ እንግዲህ አስቀድሞ ስለ ወንበሩ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ሆኖም ወንበሩም የበረዶ መሥሪያውም ያልነኩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ውድቀት ነው። ካናዳዊቷ ሣራ በርክ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ በሚመስል የበረዶ ሸለቆ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየዘለሉ የሚወዳደሩበት የስኪ ዓይነት ወደ ኦሊምፒክ እንዲገባ ግንባር ቀደም ሆነው ከታገሉት አንዷ ነበረች። ጥር 10 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በዩታ ግዛት በፓርክ ሲቲ ልምምድ ላይ ሳለች ወደቀች፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላም በ29 ዓመቷ አረፈች። በአውቶቡሱ ውስጥ በአንድ ጉዞ አሥር ጊዜ የሚወደቀው ውድቀትና ይህ ውድቀት በአንድ ቃል ይጠራሉ።

አንዳንዶች ወጣቱ ከጨዋታው ተነሥቶ ከጣሪያ ላይ ይዘልል ይሆን ብለው ይሰጋሉ። ይህ ስጋት ወጣቱን ይንቃል፤ መስታወትና ኮረብታ የማይለይ ሰው ጥቂት ነው። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በር ነው። በምናቡ ሺህ ጊዜ የዘለለ ሰው አንዲት ስፖርተኛ በእውነተኛው ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ ስትሽከረከር ሲያይ «እኔ አምስት ጊዜ ዞሬያለሁ» ብሎ ፊቱን ሊያዞር ይችላል። እዚህ ላይ የተጎዳው የራሱ ድፍረት ሳይሆን ለሌላው ድፍረት ያለው አክብሮት ነው። አድናቆት ልክ ካጣ ደግሞ ሕይወቱን አስይዞ የሚሠራ ሰውና ምንም ሳያስይዝ የሚሠራ ሰው በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ ያም በስኪ ሜዳ ብቻ አይቀርም።

ነገሩን ቴአትር ያብራራው ይሆናል። ተዋናይ በመድረክ ላይ በጎራዴ ተወግቶ ይሞታል፤ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ሞቶ ስለተነሣ ደፋር ያለው ተመልካች የለም፤ እርሱም ሞትን አውቄአለሁ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ግን አሞቱን ያሳመረ ተዋናይ የሚሞት ሰው ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ ጣቶቹ ምን እንደሚፈልጉ ሲያስተውል የከረመ ነው። አስመሳይነቱ ከእውነተኛው ነገር ያራቀው ሳይሆን ያቀረበው ይህ ማስተዋል ነው። ያላስተዋለ ተዋናይ፣ ሁሉም እንደሚያውቀው፣ ሲሞት ያስቃል።

ተጫዋቹም እንዲሁ ነው። ዴንማርካዊው የጨዋታ አጥኚ የስፐር ዩል በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው መሸነፍን እየጠላ ዘወትር ወደሚያሸንፈው ጨዋታ ለምን እንደሚመለስ ይጠይቃል። ውድቀቱ አጥንት ባይሰብርም ስሕተቱ የራሱ የተጫዋቹ ነው፤ ጣቱ ዘግይቷል፣ ወይም ቸኩሏል። አንዲትን ዝላይ አርባ ጊዜ የሳተ ሰው ሰማይና በረዶ የሚገናኙበት ቅጽበት እንዴት ጠባብ እንደሆነች ያወቀ ሰው ነው። ትዕግሥቱ እውነተኛ ነው፤ ድፍረት ብሎ እስካልጠራው ድረስ ማንም ሊቀማው አይችልም። ፊቱን የሚያዞረውና ትንፋሹን ውጦ የሚመለከተው ሰው ከአንድ መሣሪያ ፊት ተነሥተው ይመጣሉ፤ መሣሪያው ራሱ አይለያቸውም።

በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. በሶቺ፣ ሣራ በርክ የታገለችለት የሴቶች ውድድር በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ፤ ወርቁን አሜሪካዊቷ ማዲ ቦውማን ወሰደች። በዚያ ሌሊት ፕሌይስቴሽን ፖርታብሉን ጭኑ ላይ አኑሮ በቴሌቪዥን የተከታተለ አንድ ተጫዋች ቢኖር፣ ዘላይቱ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ስትነሣ አውራ ጣቱ በባዶው ላይ ሳይጫን አልቀረም።