ካህኑ ግድግዳውን ይመርምር

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ስለ ሰው ለምጽ ሲናገር ቆይቶ ድንገት ወደ ቤት ይዞራል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነገር ያየ ባለቤት ሄዶ ለካህኑ እንዲነግር ታዟል፤ ለግንበኛ አይደለም። ካህኑ ገና ሳይገባ ዕቃው ሁሉ ይወጣል። ቤቱ ርኩስ ነው ከተባለ በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ስለሚረክስ፣ ሕጉ ለድኻው ማሰሮና ምንጣፍ አስቀድሞ አስቦለታል። ከዚያ ካህኑ ያያል፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ተመልሶ ያያል። ደዌው ሰፍቶ ከሆነ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፣ የውስጡ ምርጊት ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፣ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይጠገናል። ደዌው እንደገና ብቅ ካለ ቤቱ ይፈርሳል። ከዳነ ግን ለሰው ለምጽ የሚደረገው የማንጻት ሥርዓት፣ ከነሁለቱ ወፎችና ከነዝግባ እንጨቱ፣ ለግድግዳውም ይደረግለታል። ይህን ምዕራፍ በምሳሌ ተርጉሞ ማለፍ ቀላል ነው፤ ቤቱ ነፍስ ነው፣ ሻጋታው ኃጢአት ነው ይባላል። ትርጓሜው ያማረ ነው። ችግሩ ግድግዳው ራሱ መረሳቱ ነው።

እኔ የምለው፣ ሰው የሚያድርበትን አሮጌ ቤት ከብርድና ከርጥበት መጠበቅ በቀጥታ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም እንደ ጾምና እንደ ምጽዋት ልትጠይቅበት ይገባል። ነገሩን በዋግ ኽምራ ደጋ፣ በሰቆጣና በፃግብጂ አካባቢ ብናየው ይጠራል። ዋግ ሲባል ለሩቅ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው ድርቅና የተከዜ ሸለቆ ሙቀት ነው። ሰቆጣ ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያ ወደ ደጋው ሲወጣም ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ፈረንጅ ክረምት ሲል ብርድ ማለቱ ነው፤ የእኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው፣ ውርጩ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። በዋግ ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ግድግዳው በሁለት ወር የጠጣውን ውኃ ሳይጨርስ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ይደርስበታል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ብርዱን አይመክትም። ቤትን የሚያሞቀው በሣሩና በጭዱ መካከል ታስሮ የቀረው አየር ሲሆን፣ ውኃ ካልተንቀሳቀሰ አየር ይልቅ ከ20 ጊዜ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለሰውነት ነው፤ ለቤቱ አጥንት የሰጠው የለም።

አሮጌው የደጋ ቤት ይህን ያውቅ ነበር። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ በጭቃ ተያይዞ፣ በጭድና በእበት ተመርጎ፣ ጣሪያው በሣር ወይም እንደ ህድሞ በአፈር ተከድኖ፣ ቀን የሞቀውን ፀሐይ ሌሊት ለተኙት ይመልሳል። ጭቃ ውኃ ይጠጣል፣ ነፋስ ካገኘው ደግሞ መልሶ ይተነፍሰዋል። ነውርም አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ የምድጃው ጭስ ጣሪያውን ከነቀዝ ሲጠብቅ ዋጋውን የከፈሉት የእናቶች ዓይንና ሳንባ ናቸው። ከዚያ የክዳን ሣር እየጠፋ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ዝናብን በመከልከል ወደር የለውም፤ የመረጠውን ሰው ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ብቻውን ሲሆን ግን ቀን ያነድዳል፣ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ለሰማይ አሳልፎ ይሰጣል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽም ከሥሩ ቀዝቅዞ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ ሲሚንቶው ይመጣል። የአሮጌ ጭቃ ግድግዳ ውጩ በሲሚንቶ ሲለሰን ለዓይን ያምራል። ከመሠረቱ የወጣውና በስንጥቁ የገባው ውኃ ግን መውጫ አጥቶ ከልስኑ ጀርባ ጭቃውን ያሟሽሸዋል። ባለቤቱ ቤቱን ያለበሰው መስሎት አፍኖታል።

የዚህ ስሕተት ትልቁ ምስክር በላስታ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ሬንጅ ተቀቡ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረበ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ሽፋኑ ግን እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ አሰረው፤ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ጥገና ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ያንን ሽፋን መፋቅ ሆነ። ሌዋውያንም ከመጠገን በፊት የሚያዘው መፋቅን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ መጠለያዎች ከላይ ተተከሉ፤ እነሱም በተራቸው በካህናቱና በነዋሪው ዘንድ የክብደት ስጋት ፈጠሩ። ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን በፊት እንደተሠራ የሚነገርለት የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በአንጻሩ፣ በዋሻ ውስጥ ከእንጨትና ከድንጋይ በመደዳ ተደራርቦ ታንጾ፣ እንጨቱ እስከ ዛሬ አለ። ዋሻው ዝናቡን ይከለክልለታል፣ አየሩን አይነሳውም። አሮጌ ነገርን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ዋናው በዚህች አንዲት ሕንጻ ይታያል፦ ከላይ ደረቅ ጣሪያ፣ በዙሪያው የሚተነፍስ ግድግዳ።

እስከዚህ ያለው የግንበኛ ነገር ነው፣ ሃይማኖቱ የት አለ? የሚል ይኖራል። ሃይማኖቱ ያለው በስማችን ውስጥ ነው። ተዋሕዶ ብለን የምንጠራው እምነት ቃል ሥጋ ሆነ የሚል ነው፤ ሥጋን ነፍስ የተሸከመችው ስልቻ አድርጎ የሚያይ ትምህርት ከዚህ እምነት ጋር አይሄድም። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የተራቆተውን ሰው የሚለብሰው ሳይሰጡ ሙቅ ብሎ ማሰናበት ምን እንደሚጠቅም ይጠይቃል። ጥያቄው በሰቆጣ ሌላ ክብደት አለው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል በዚችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ስለ መቀንጨር ሲወራ ስለ ምግብ፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ይወራል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሕፃን የበላውን እህል ለማደግ ሳይሆን ለመሞቅ ያቃጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ የመተንፈሻ አካል በሽታን እንደሚያባብሱ አስፍሯል፤ በ2018 ደግሞ ቀዝቃዛ ወቅት ላላቸው አገሮች የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳይወርድ መክሯል። በደጋው ቤት ውስጥ በኅዳር ሌሊት ይህ ቁጥር ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ለአራስ ልጅ ግን ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከገዳም የሚመጣ ነው። ይህ ዓለም ኃላፊ ነው፤ ባሕታውያኑ ብርዱን እንደ ጸሎት ተቀብለውታል፤ እኛ እንግዶች ስለ ጣሪያ ብዙ መጨነቃችን ለምንድን ነው? ይህን ክርክር በቀልድ ማለፍ አይገባም፤ ብዙ ቅዱሳን ኖረውበታል። ግን መልሱን ቤተ ክርስቲያን ራሷ በጾም ሥርዓቷ ሰጥታለች። ሕፃን፣ በሽተኛ፣ አቅም ያጣ አረጋዊ አይጾምም። ጾም ዋጋ የሚያገኘው ጿሚው ፈቅዶ ሲገባበት ነውና፣ ማንም የራሱን ጾም በሌላው ሆድ ላይ ሊያውጅ አይችልም። ብርድም እንደዚያው ነው። ባሕታዊው ዋሻውን መርጦ ገባ፤ በመደቡ ላይ ከእናቱ ጋር የተኛው ልጅ የመረጠው ነገር የለም። የአባወራን ቸልተኝነት የባሕታዊ ቆብ አልብሶ ትዕግሥት ማለት በእውነተኛው ባሕታዊ ላይ መቀለድ ነው። እንግድነታችንስ ቢሆን? ቤት የተቀበለ እንግዳ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን እንግዳ ያስባል። በጭቃ የተሠራ ቤት ከአያት ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አደራ ነው፤ አደራን ማበላሸት ደግሞ በየትኛውም የንስሐ አባት ፊት በደል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የነቢዩ ሐጌ ነው። ሐጌ በምዕራፍ 1 ሕዝቡን የሚወቅሰው፣ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ሳለ እነሱ ባማረ ቤታቸው ስለ ተቀመጡ ነው። ስለዚህ የደብሩ ጣሪያ ይቅደም የሚል ሰው መጽሐፍ አለው። ደግሞም የሚያምር ልማድ አለን፤ የራሱ ቤት የሚያፈስበት ገበሬ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያዋጣል። ይህን ልማድ መንካት አልፈልግም። ሐጌ የወቀሰው ግን ያማረ ቤት ያለውን ሰው ነው፤ ጣሪያው የሚያፈሰውን ድኻ አይደለም። ድኻው አስቀድሞ ለደብሩ ከሰጠ፣ ደብሩ ለድኻው ምን ይመልስለታል የሚለው ጥያቄ ሐጌን አይቃረንም። ዛሬ ብዙ አጥቢያ ያለውን ሁሉ በጉልላቱ ላይ ያወጣል፤ ሰንበቴና ማኅበር ያለው፣ ደቦ መጥራት የሚችል፣ በአንድ ቃል መቶ ሰው የሚያስነሳ ተቋም ግን ደቦውን ለአንዲት መበለት ግድግዳ ቢጠራ ምን ይጎድልበታል?

ሦስተኛው ከሥነ መለኮት ውጭ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ምርጊት ጭድ ይፈልጋል፤ ጭድ ደግሞ የከብት መኖ ነው። ዝናብ በተጓደለበት ዓመት የጤፍ ጭዱን ከበሬ አፍ ነጥቆ ለግድግዳ ስጡ ማለት የዋግን ኑሮ አለማወቅ ነው። እውነት ነው፣ መልሱም ሙሉ አይደለም። ሆኖም ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ ጭድም ገንዘብም አይጠይቅም። ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት በኩል የጎርፍ ቦይ መቆፈር፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና እበት ማንሳት፣ የሻገተውን ምርጊት ፍቆ ግድግዳውን ለፀሐይና ለነፋስ መክፈት፤ ለእነዚህ የሚበቃው ጉልበት ነው። ጥሩ ዝናብ ባለበት ዓመት ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የእንጨት ርብራብ አድርጎ በጭድና በጭቃ ጠፈር መሥራት ይቻላል። የሚሞቅ ቤት ማገዶ ይቆጥባል፤ እንጨት በተራቆተበት በዚህ ተራራ ማገዶ የሴቶች ጀርባ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለፃግብጂ ሰው የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ከፃግብጂና ከአበርገሌ ተፈናቅለው በሰቆጣ በሸራ ሥር የከረሙ ሰዎች ብርድና ርጥበት ምን እንደሆኑ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሁለት ክረምት ያልተከደነ የጭቃ ቤት ደግሞ ወደ አፈርነቱ መመለስ ይጀምራል፤ ወደዚያ ለሚመለስ ሰው ሸራው ተነሥቶለት ግድግዳው እርጥብ ከሆነ ከብርድ ወደ ብርድ ነው የተዛወረው። የንስሐ አባቶች ሆይ፣ በየልጆቻችሁ ቤት ጠበል ለመርጨት የምትገቡት እናንተ ናችሁ፤ ማንም ባለሙያ ያንን ደጃፍ እንደ እናንተ አይረግጠውም። በመስከረም ዝናቡ ሲያባራ ስትገቡ ከጸሎቱ በኋላ አንድ ጊዜ ወደ መደቡ ጀርባ እለፉና ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩት። እርጥብ ከሆነ ለማኅበሩ ንገሩ፤ ቦዩ ከጥቅምት በፊት ይቆፈር።