በድራማው ለማን ፈረድን?

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ «ጥቁር ፍቅር» ሳሎናችን ሲገባ፣ በየወጣቶች ኅብረቱ የነበረው ክርክር አንድ ነበር፤ አማኝ ይህን ማየት ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ክርክሩ ሳያልቅ ድራማው አለቀ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነው ነው። ካየን በኋላ እንፈርዳለን። እርሷ ልክ ናት፣ እርሱ ከሃዲ ነው፣ ያቺን አማት አታሳየኝ እንላለን። ሰዎቹ የሉም፤ ፍርዱ ግን አለ። በሌለ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል ይመዝናል?

እዚህ አይሻ ጥቂት ወጣቶቻችን በቅርቡ ከድሬዳዋ በፍላሽ የመጣ «ዳውንተን አቢ» የተባለ የእንግሊዝ ድራማ ተቀባብለው አይተዋል። የባቡር ጣቢያ ያላት፣ ነፋሷ የማያርፍ ከተማችን ማታ ላይ ብዙ መሄጃ የላትምና ጨዋታው ሁሉ ስለ እርሱ ሆነ። ላላያችሁት፣ ድራማው በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በ6 ምዕራፍ የተላለፈ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚጀምረው ታይታኒክ በሰመጠችበት በ1912 ነው። አንድ መስፍን ከሚስቱና ከሦስት ሴቶች ልጆቹ ጋር ላይኛው ፎቅ ይኖራል። ምግብ የሚያበስሉት፣ እሳት የሚያነዱት፣ ልብስ የሚተኩሱት ደግሞ ከታች ናቸው። ካሜራው በሁለቱ መካከል ባለው ደረጃ ይመላለሳል። የድራማው ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ እኩል ያሳየናል።

በጣም ያከራከረን የሳሙናው ነገር ነው። ኦብራየን የተባለችው የእመቤቲቱ ደንገጡር ከሥራ ልትባረር እንደሆነ በስሕተት ታምናለች። ነፍሰ ጡር እመቤቷ ስትታጠብ ሳሙናውን መሬት ላይ ትተዋለች። ወዲያው ኅሊናዋ ይመልሳታል፤ ግን ሳትደርስ ሴትየዋ ተንሸራትታ ትወድቃለች፤ ፅንሱም ይጨነግፋል። «ተጸጽታለች እኮ» አሉ አንዳንዶቹ። «ተጸጽታ ለምን ለሴትየዋ አልነገረቻትም?» አሉ ሌሎቹ። ስለ ንስሐ ሦስት ሳምንት ካስተማርሁት ይልቅ በዚያች ምሽት ብዙ ተብሏል። ስለዚህ በድራማ ሰዎች ላይ መነጋገርን ሐሜት ነው ብዬ አልከለክልም። ሐሜት ራሱን መከላከል የማይችል ሕያው ሰው ይጎዳል፤ ኦብራየንን ግን ማንም አይጎዳትም። እንዲያውም ብቻዋን መስታወት ፊት ቆማ ያየናት እኛው ነን። ጎረቤታችንን እንዲህ አይተነው አናውቅም።

ድራማው መስፍኑን እጅግ ደግ አድርጎ መሳሉ ግን አይመቸኝም። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ያገለግሉ ነበር። ሁሉም እንዲህ ያለ ጌታ አልገጠማቸውም። ደግ ጌታ ሲያሳዩን ቤቱ የተሠራበትን ሥርዓት መጠየቅ እንረሳለን።

ወደ ግዌን ልምጣ። ግዌን የቤት ገረድ ናት፤ ጸሐፊ መሆን ትፈልጋለች። ካጠራቀመችው የጽሕፈት መኪና ገዝታ በተልእኮ ትምህርት በድብቅ ትማራለች። መኪናው ሲገኝ በአገልጋዮቹ ሁሉ ፊት ትጠየቃለች፤ ከዚህ ቤት ለምን መውጣት ፈለግሽ? ግዌን ታለቅሳለች። የእኛም ወጣቶች፣ ወንዶቹ ሳይቀሩ፣ ተቆጡላት። የመስፍኑ ትንሿ ልጅ ሲቢል ረድታት ሥራ ስታገኝ በደስታ ጮኹ። ፍርዳቸው ትክክል ነበር፤ አንድም ሰው ለጠያቂዎቿ አልቆመም።

በየቤታችን ግን ስንት ግዌን አለች? ከገጠር መጥታ ልጅ የምታዝል፣ ውኃ የምትቀዳ፣ ድራማውን ደግሞ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የምታይ። የማታ ትምህርት ልጀምር ስትል ምን እንደሚባል ሁላችንም ሰምተናል። «ፊደል ከቆጠረች ትጠግባለች።» «ማታ ወጥታ ከማን ጋር እንደምትውል ማን ያውቃል?» «ደመወዟን እየበላች ሥራ ልትፈታ ነው።» ግዌንን በወጥ ቤት ከበው ከጠየቋት ሰዎች የተለየ ነገር አልተናገርንም። የሚቆምላት ሕግም ቀጭን ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ሳያካትት፣ ጉዳይዋን ገና ለሚወጣ ደንብ ትቶታል።

አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ፣ ወጣት ሳለ በካርታጎ የቲያትር ፍቅር እንዴት እንደያዘው ይናገራል። የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም ይቆረቁራል፦ ተመልካቹ እንዲያዝን ብቻ እንጂ እንዲረዳ በማይጠራበት ቦታ የሚፈስ እንባ ምን ዓይነት ምሕረት ነው? ለማዘን ከፍሎ ይገባል፤ ካላሳዘኑት ተከፍቶ ይወጣል።

እኔ ግን ከአውግስጢኖስ ጋር እስከ መጨረሻው አልሄድም፤ ምክንያቴ ናታን ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ለዳዊት አንድ ታሪክ ያወራለታል፤ የድሃው ሰው አንዲት በግ፣ የባለጠጋው ብዙ መንጋ። ዳዊት በሰማው ታሪክ ላይ አስተያየት ሰጠ። ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ በግ የወሰደ አራት እጥፍ ይመልስ ማለቱም በኦሪት ዘጸአት 22 ካለው ሕግ ጋር ይስማማል። በፍርዱ ላይ ስሕተት አልነበረም። ያልጠበቀው ታሪኩ ስለ ራሱ ቤት መሆኑን ብቻ ነው። ናታንም የዳዊትን ስሜት አልናቀበትም፤ በዚያው በር ገባ እንጂ። በቀጥታ «ኦርዮን ገደልህ» ቢለው ኖሮ ዳዊት መልስ አያጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ንጉሥ ምክንያት አያጣም፤ እኛም ስለ ቤት ሠራተኛችን ስንጠየቅ አናጣም። ለግዌን የሰጠነው ፍርድ ግን አስቀድሞ ከአፋችን ወጥቷል። ማንም አላስገደደንም።

ይህን በኅብረቱ ሳነሣ አንዱ ወጣት በቅንነት ጠየቀኝ። «መምህር፣ እናቴ ማታ ማታ ለጸሎት ትወጣለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች እራት ማን ይሠራል?» ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በድራማው ግዌን ብትሄድ መስፍኑ እራቱ አይቀርበትም፤ ሌላ ገረድ ይቀጠራል። በእኛ ቤት ግን የአንዷ ትምህርት የሚገኘው ከሌላው ሰዓት ተቀንሶ ነው። ዕድሜውን ጠየቅሁት፤ 22 ዓመቱ ነው። «ሽሮ መሥራት ትችላለህ?» አልሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ትንሽ አሰበና «እንጀራውስ?» አለኝ። እንጀራ ይገዛል።