ጆሮ ለስንት ነገር ይበቃል?

በእንሴኖም ሆነ በቡታጅራ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የያዘ አንድ ሰው ባንዱን ሙሉ ሲተካ እናያለን፤ ከጎኑም ላፕቶፕ። ታዲያ ዓይነ ስውሩ ሙዚቀኛ እዚህ ላይ ምን ድርሻ አለው? «እሱ ይዝፈን፣ ኮምፒዩተሩን ለሚያይ ይተው» ይሉናል። እኛ አንስማማም።

በቤተ ክህነቱ የዜማ ትምህርት ዓይነ ስውሩ በቃሉ አጥንቶ መሪጌታ ሲሆን ኖሯል። ዕውቀት ከጆሮ ወደ ስክሪን ሲዛወር ያው ሰው ደጅ ቀረ። ዓይኑማ ድሮም አያይም ነበር! ማን ነው ታዲያ በሩን የዘጋበት?

በሩ ደግሞ ይከፈታል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ኩርዝዌል 250 የስቲቪ ዎንደር ጥያቄ ያስነሳው ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤንቪዲኤ የሚባለው ፕሮግራም ስክሪኑን በነጻ ያነባል። ሁለት መውጫ ያለው የድምፅ ካርድ ዘፈኑን ለሕዝቡ፣ ንባቡን ለተጫዋቹ አንድ ጆሮ ይለያል።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ያ ጆሮ ዓይኑም መተዳደሪያውም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲለፈልፍበት የከበሮውን ምት በምን ይስማ? ስለዚህ የሠለጠኑት ሁሉን ቀድመው በቁልፍና በእግር ፔዳል ያሰናዳሉ፣ መድረክ ላይ ንባቡ ዝም እንዲል። የሚያየው ባልንጀራቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፑ ላይ እንዳፈጠጠ ያድራል። ሰርግ ደጋሹ ደግሞ አሁንም «ማን ያግዘዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ስለ ዓይነ ስውሩ ነው።